ከሰሉ ይውጣ፣ ልጅቷ ትተኛ

የነፋስ መውጫ የሌሊት ብርድ አይጣል ነው። የሁለት ዓመት ልጄን ከእኛ አልጋ ለይቼ ለብቻዋ ሳስተኛት ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። ክፍሏን ቀለም ቀባሁ፣ መጋረጃ ሰቀልሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የከሰል ምድጃ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

በሦስተኛው ሌሊት አስመለሳት፤ ላቆማት ብል ተንገዳገደች። ከእስቴ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ በርና መስኮቱን በርግዳ፣ ልጅቷን አቅፋ ወደ ውጭ ሮጠች። ጤና ጣቢያ ስንደርስ «የከሰል ጋዝ ነው፤ ደርሳችሁላታል» አሉን። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል።

በማግሥቱ እናቴ አልጋዋ ላይ አጎዛ አነጠፈች። ሹራብና ካልሲ አልብሳ ጋቢ ደረበችላት። «ልጅ በልብስ ይሞቃል እንጂ በእሳት አይተኛም» አለችኝ።

አሁን ሥርዓታችን አንድ ነው፦ እራት በጊዜ፣ እግር መታጠብ፣ ቴሌቪዥን ማጥፋት፣ መብራት መቀነስ፣ ከዚያ እሹሩሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጆች የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። የእኔዋ ከምሽቱ 2 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ትተኛለች፤ ቀን ሁለት ሰዓት ትጨምራለች።

ወላጆች፣ አያቶች፣ ከመጋረጃው በፊት ምድጃው መውጣቱን እዩ።