የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ

በወላይታ፣ በቤሌም ሆነ በሶዶ፣ ሙዚቃ መጫወት የምትወድ ልጅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምትነካው መሣሪያ የቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ነው። መዘምራኑ ሲዘምሩ ኪቦርዱ ምት ይይዝላቸዋል፣ ዜማቸውን ያጅባል። መዝሙሩ ሲያልቅ እሱም ዝም ይላል። ቃል የሌለው ሙዚቃ በራዲዮም ቢሆን በዜናና በማስታወቂያ መካከል ክፍተት መሙያ ሆኖ ነው የሚሰማው። የኪቦርዱን ታላቅ ዘመድ ፒያኖን ያለ ድምፃዊ፣ ያለ ከበሮና ያለ ባንድ ብቻውን እንዲናገር ያደረጉ አንዲት ኢትዮጵያዊት ግን ነበሩ። ዛሬ ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩና ከሙያቸው ጋር እንተዋወቅ።

የዓለም ስማቸው የውብዳር ገብሩ ነው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በአውሮፓ የተማሩና የጎንደር ከንቲባ የነበሩ፣ በዲፕሎማትነትም አገራቸውን ያገለገሉ ሰው ናቸው። የውብዳር ገና በስድስት ዓመታቸው ከታላቅ እህታቸው ከስንዱ ጋር ስዊዘርላንድ ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመሩት እዚያ ነው። እህታቸው ስንዱ ገብሩ ኋላ ደራሲና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫም ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እንዲህ ውጭ አገር ተልኮ መማር በዚያ ዘመን ለብዙ ቤት ሴት ልጅ የማይታሰብ ዕድል ነበር። የእማሆይን ታሪክ በትክክል ለመረዳት ከዚህ መነሳት ያስፈልጋል፤ ተሰጥኦው የራሳቸው ቢሆንም መሣሪያውና መምህሩ በልጅነታቸው እጃቸው ገብተዋል።

የጣሊያን ወረራ ያንን ዕድል ቆረጠው። በ1929 ዓ.ም. ቤተሰቡ በግዞት መጀመሪያ አዚናራ ወደምትባለው ደሴት፣ ቀጥሎም በኔፕልስ አቅራቢያ ወደምትገኘው መርኮሊያኖ ተወሰደ። ከቤተሰቡ አባላት በፋሺስቶች እጅ የተገደሉም አሉ። ከነፃነት በኋላ የውብዳር ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባሉ ፖላንዳዊ የቫዮሊን ሊቅ ዘንድ መማር ያዙ። በቀን 4 ሰዓት ቫዮሊን፣ 5 ሰዓት ፒያኖ ይለማመዱ ነበር። ቀኑን በልምምድ የሚያሳልፍ ሰው ጣቱ ዜማውን ከአእምሮው እኩል ያውቀዋል። ኋላ በቀረጻዎቻቸው ላይ ያለ ምንም ጥረት የሚፈስ የሚመስለው አጨዋወት መሠረቱ የተጣለው በዚህ ልምምድ ነው።

የካይሮ ሙቀት ስላልተስማማቸው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። መምህራቸውም አብረዋቸው መጥተው የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ከዚያ በለንደኑ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሙዚክ የመማር ዕድል ቢያገኙም እንዲሄዱ ሳይፈቀድላቸው ቀረ። ሐዘኑ ከምግብ ለያቸው፤ 12 ቀን ያህል ከቡና በስተቀር ምንም ሳይቀምሱ ቆዩ። ከሕመሙ ሲነሱ ልባቸው ወደ ምናኔ አዘንብሎ ነበር። ወደ ወሎ፣ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። ግሸን በአምባሰል ወረዳ የምትገኝ፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ተብላ የምትከበርና መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአገሩ የሚጎርፉባት አምባ ናት። እዚያ መንኩሰው ጽጌ ማርያም ተባሉ። ዐሥር ዓመት ገደማ በጭቃ ጎጆ ውስጥ፣ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ተራራው ላይ ፒያኖ አልነበረም።

ወደ ከተማ ከተመለሱ በኋላ ወደ ፒያኖውም ተመለሱ። በጎንደር ቆይታቸው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎችን ኑሮ በቅርብ አዩ። ደበሎ ለብሰው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ደጅ ለምነው የሚማሩ፣ ማደሪያ ያጡትም ሜዳ ላይ የሚያድሩ ልጆች ነበሩ። እማሆይ ገንዘብ አልነበራቸውም። የነበራቸው ሙያ ነውና ሙዚቃቸውን አስቀርፀው ገቢውን ለተቸገሩ ሊያውሉት ወሰኑ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድጋፍ ሸክላዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን አገር ታተሙ። የሽያጩ ገቢ ለወላጅ አልባ ሕፃናትና ለድሆች መርጃ ሆነ።

ታዲያ የዚህ ሙዚቃ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? መጀመሪያ የመሣሪያውን ጠባይ እንይ። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። ጣት ቁልፉን ሲጫን በሱፍ የተለበጠ መዶሻ ክሩን ይመታል፤ ድምፁ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ክሩ ላይ አንሸራቶ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ መሪጌታም በጉሮሮው እንዲሁ ያደርጋል። ፒያኖ ይህን አይችልም። እያንዳንዱ ድምፅ ቦታው የተቆረጠ ነው፤ በሁለት ቁልፎች መካከል መንገድ የለም። ስለዚህ የኢትዮጵያን ዜማ በፒያኖ የሚጫወት ሰው ቁልፎቹን በትክክል ቢመታ እንኳ ዜማው ሊደርቅበት ይችላል።

የእማሆይ መፍትሔ ቀኝ እጃቸው ላይ ይሰማል። ዋናውን ድምፅ ከመምታታቸው በፊት ዙሪያውን ባሉ ቁልፎች ላይ ጣታቸውን በፍጥነት ያሳልፋሉ። ጆሮ እነዚያን ትንንሽ ድምፆች ለየብቻ አይቆጥራቸውም፤ ዜማው እንደ ሰው ድምፅ የተንሸራተተ ሆኖ ይሰማዋል። በእግራቸው የሚረግጡት ፔዳል ደግሞ ቀዳሚው ድምፅ ሳይጠፋ ተከታዩ እንዲደርስበት ያደርጋል። ግራ እጃቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፓ የተማሩትን ይዞ ይጓዛል፤ የቫልስ ርምጃ፣ የተበታተነ ኮርድ ይሰማበታል። ቀኝ እጃቸው ግን ፒያኖው በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ከሚሰጣቸው 12 ድምፆች አምስቱን እየመረጠ በእኛ ቅኝት ይሄዳል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ለለመደ ጆሮ ወዲያው አገሩን የሚያሳውቅ ይኸው ነው።

ሌላው የጊዜ አያያዛቸው ነው። ሙዚቃቸውን እግር እየመቱ መቁጠር ያስቸግራል። ሐረጉ ሲረዝም ይዘገያሉ፣ ሲያጥር ይፈጥናሉ፣ መሐል ላይም ዝም ይላሉ። የውጭ አድማጮች ይህን ከጃዝና ከብሉዝ ጋር ሲያመሳስሉት ኖረዋል። የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያውቅ ሰው ግን ከበሮ የማይመታበትን ቁም ዜማ ማስታወሱ አይቀርም፤ እሱም የሚሄደው በቃሉና በትንፋሹ ልክ ነው። እማሆይ የያሬድን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በጎንደር አጥንተዋል፤ የአውሮፓን ሙዚቃም በልጅነታቸው ተምረዋል። ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ የተገኘው ሦስተኛ ነገር ነው።

በዚያ ዘመን አንዲት ሴት በመሣሪያ ብቻ መታወቋ ምን ያህል እንግዳ እንደነበር ለመገመት ዘመናዊ መሣሪያ የት ይገኝ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑና ሳክስፎኑ በአብዛኛው በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊትና በፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች እጅ ነበር። መሣሪያ መማር ማለት የደንብ ልብስ መልበስ ማለት ስለነበር በሩ ለወንዶች ነበር የተከፈተው። ሴቶች በመድረክ ላይ የሚታዩት በድምፃዊነት ወይም በተወዛዋዥነት ነበር። እንደ አስናቀች ወርቁ የራሷን ክራር ይዛ የወጣች ብርቅ ነበረች። እማሆይ በዚህ ሁሉ መሐል ያለፉት በቤተሰባቸው ዕድልና በግል መምህራቸው በኩል ነው። ለሌሎች ሴቶች የተዘረጋ ተመሳሳይ መንገድ አልነበረም፤ ከእሳቸው ኋላ ረጅም ሰልፍ ያላየነውም ለዚህ ይመስለኛል።

እናታቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ኖሩ። በጠባቧ ክፍላቸው ውስጥ ፒያኖ ነበራቸው። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በ80ዎቹ ዕድሜያቸው ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ አልበም 21ኛ ቅጹን እ.ኤ.አ. በ2006 ሙሉ በሙሉ ለእሳቸው ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2013 ማያ ዱኒዬትዝ የተባለች ሙዚቀኛ ከሌሎች ጋር ሆና ሥራዎቻቸውን በኖታ መጽሐፍ አሳተመች፤ በኢየሩሳሌምም የኮንሰርት ዝግጅት ተደረገላቸው። «ታይም» የተባለው ዘጋቢ ፊልምና «ፓሲንግ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃቸውን ተጠቅመዋል። እማሆይ በ99 ዓመታቸው መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በደርግ ዘመን ቤታቸው ውስጥ በካሴት የቀዱት፣ ፒያኖ እየተጫወቱ በራሳቸው ድምፅ የሚያዜሙበት ሥራ በአልበም ወጣ።

ስለ እማሆይ በሚጻፈው ውስጥ ባዶ እግራቸው፣ ገዳማቸውና ብቸኝነታቸው ሰፊ ቦታ ይይዛሉ። እውነት ነው፣ የሕይወታቸው አካል ናቸው። ነገር ግን ሌሎች ብዙ መናንያን በባዶ እግራቸው ሄደዋል፤ ይህን ሙዚቃ የሠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሙዚቃው የመጣው ከልጅነት ትምህርት፣ ከዘጠኝ ሰዓት ልምምድና ሁለት የዜማ ሥርዓቶችን ጠንቅቆ ከማወቅ ነው። ልንወርሰው የምንችለውም ይኸኛውን ነው።

እንግዲህ ለቤሌና ለአካባቢዋ የመዘምራን አስተባባሪዎችና መምህራን አንድ ሐሳብ አለኝ። ኪቦርዱ ከፕሮግራም ውጪ ተሸፍኖ የሚቀመጥበት ሰዓት ብዙ ነው። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለልጃገረዶቹ ስጡት። መጀመሪያ የእማሆይን «የእናት ፍቅር» አሰሟቸው፤ ቀጥሎ ራሳቸው የሚያውቁትን የወላይታ ዘመን መለወጫ የጊፋታ ዘፈን ወይም መዝሙር ያለ ድምፃዊ እንዲሞክሩት አድርጉ። ኪቦርዱ ላይ ያለውን አውቶማቲክ ምት ግን አጥፉት፤ ጊዜውን ራሳቸው መያዝ ይማሩ።