ሌሊት ቡና የሚወቅጠው ቦይለር

«ማነው በዚህ ሰዓት ቡና የሚወቅጠው?» አለችኝ እናቴ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። የምንኖረው ቄራ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ለጩኸት አዲስ አይደለንም። ከብት የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ እንቅልፋችን ንቅንቅ አይልም። ይኼኛው ድምፅ ግን ከመንገድ አልመጣም። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ትንሽ ያርፍና እንደ ሙቀጫ ይቀጥላል። በጨለማ ግድግዳውን እየዳበስኩ ስከተለው ከመታጠቢያ ቤታችን ገባሁ፤ የሚያንኳኳው ከላይ የተሰቀለው ባለ 50 ሊትር ቦይለር ነበር።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃዎች በሚዘጋጁ ማስታወቂያዎች ላይ «ድምፅ አልባ» የሚለውን ቃል ስንቴ እንደጻፍኩት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። የራሴ ቦይለር ሲጮህ ግን ምን እያለ እንደሆነ አንድም ነገር አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሰው ጠቁሞኝ አንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ቦይለሩን ቀና ብሎ አየና ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አገኘ። ውሃው የሚወርደው ቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ከተገጠመች ትንሽ የናስ ዕቃ ነው። «ችግሩ ይቺ ናት» አለና አፏን በቴፍሎን ጠቅልሎ በመድፈኛ ጥርቅም አደረጋት። ወለላችን ደረቀ፣ እናቴም መረቀችው፣ እኔም ከፈልኩ። ሁሉም ነገር የተፈጸመው 20 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው።

ማንኳኳቱ ግን ባሰበት። በሦስተኛው ቀን የሙቅ ውሃውን ማዞሪያ ስከፍተው እንደ ተቆጣ ድመት ፊሽ ብሎ፣ ውሃው በኃይል ተስፈንጥሮ ወጣ። የ4 ዓመቷ ልጄ ሳፋዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ውሃ እስክቀዳላት ትጠብቃለች። ሳፋው ያለው ደግሞ ልክ ከቦይለሩ ሥር ነው። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አንስቼ ይዣት ወጣሁ።

እናቴ በዕድር የሚያውቋቸውን አንድ አዛውንት የቧንቧ ባለሙያ ጠራችልኝ። ጋሼ ሲገቡ ቦይለሩን እንኳ አላዩም፤ በቀጥታ ወደ ብሬከሩ ሄደው አጠፉት። ከዚያ ቀና ብለው የተደፈነችውን የናስ ዕቃ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ይቺን የደፈነ ማነው ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ምንም ሳይናገሩ ማዞሪያውን ከፍተው ውሃው እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጡ፤ ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ያቺ የናስ ዕቃ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ 1 ሊትር ያህል ይጨምራል። ቫልቯ ሙቅ ውሃ ወደ ኋላ ወደ ቀዝቃዛው መስመር እንዳይመለስ ስለምትከለክል፣ ማዞሪያዎች ሁሉ በተዘጉበት ሰዓት ያ ትርፍ ውሃ መውጫ የለውም። ስለዚህ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ብዙ ጊዜ 8 ባር ሲደርስ፣ በዚያችው ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ቦይለሩ በሚሞቅበት ሰዓት ትንሽ መንጠባጠቧ ጤንነት ነው። ቀን ከሌት ከፈሰሰች ግን ወይ አርጅታለች፣ ወይ ደግሞ ከመስመሩ የሚመጣው ግፊት በዝቷል። ያን ጊዜ ትቀየራለች እንጂ አትደፈንም።

ስትደፈን የሚመጣውን ጋሼ በአጭሩ ነገሩኝ፤ እኔ ደግሞ ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። የአዲስ አበባ ከፍታ 2,300 ሜትር ግድም ስለሆነ ሻይ ስናፈላ ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። በተዘጋ በርሜል ውስጥ ግን ግፊቱ ስለሚይዘው ከዚያ በላይ ሞቆም ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አንድ ቀን ከተበላሸና መቁረጫውም እምቢ ካለ፣ መተንፈሻ ያጣው በርሜል ይቀደዳል፤ በተቀደደበት ቅጽበት ደግሞ ከውሃው ከፊሉ በአንዴ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ሳፋው የት እንደነበረ ነግሬያችኋለሁ።

ማንኳኳቱስ? የሚገርመው እሱ ሌላ በሽታ ነበር። ጋሼ ውሃውን አፍስሰው የታችኛውን ክዳን ሲፈቱት፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚሰባበር ነጭ ነገር ሁለት ጆግ ሙሉ ወጣ። ማሞቂያው ሬዚስታንስ ራሱ ኖራ የተለቀለቀ ይመስላል። ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ብታዩት ያንኑ ነጭ ቅርፊት ታገኙታላችሁ። ውሃ ውስጥ የሟሟ ካልሲየም ውሃው ሲሞቅ ከውሃው ይለይና በጣም በሚሞቀው ነገር ላይ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሲወፍር ከሥሩ የታፈነው ውሃ ለብቻው ይፈላና የእንፋሎት አረፋ ይሠራል፤ አረፋው አምልጦ ቀዝቃዛውን ውሃ ሲያገኝ ጧ ብሎ ይከስማል። የእናቴ ሙቀጫ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። የጉድጓድ ውሃ በዓለትና በአፈር ውስጥ ሰርጎ ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። ስለዚህ የእናንተ ቦይለር በሁለት ዓመት የማያሳየውን፣ የእህታችሁ ሌላ ሰፈር በአንድ ዓመት ሊያሳይ ይችላል።

ጋሼ ሬዚስታንሱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈው አጸዱት። የበርሜሉን ውስጥ ግን በቢላ ወይም በብረት ብሩሽ እንዳይነካ አስጠነቀቁኝ፤ ከዝገት የሚጠብቀው ቅባት ከተላጠ በርሜሉ አለቀለት። ከሬዚስታንሱ አጠገብ የምትገኘው የማግኒዥየም ዘንግ ደግሞ አልቃ ሽቦዋ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሥራዋ በበርሜሉ ፈንታ መበላት ነው፤ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ ትታያለች። ቦይለሩን ከገዛን 5 ዓመት ሆኖናል። እንዲህ ያለች ነገር መኖሯን እንኳ የነገረን ሻጭ አልነበረም (እኛም ማስታወቂያ የምንጽፈው ሰዎች አልነገርናችሁም)።

ከቤት የሚሰማ ጩኸት ሁሉ ግን የቦይለር አይደለም። ውሃ በፈረቃ ሄዶ ሲመለስ ቧንቧው የሚያስለውና የሚተፋው አየር ገብቶበት ነው፤ ማዞሪያውን ቀስ አድርገው ከፍተው ይተዉት፣ ራሱ ይጠራል። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውሃ ሲዘጋ ግድግዳው ውስጥ አንዴ ዷ ካለ፣ የሚሮጥ ውሃ ድንገት ቆሞ ቧንቧውን መትቶት ነው። የላላ ቧንቧ በደንብ ማሰርና ግፊቱን መቀነስ ይረዳል። ሙቅ ውሃ ከተከፈተ በኋላ የሚሰማ ቀጭን ቲክ ቲክ ደግሞ ሞቆ የሚለጠጥ ቧንቧ ከሲሚንቶው ጋር ሲፋተግ ነው፤ ጉዳት የለውም። ጎረቤት የሚያጣላው ፓምፕ ነው። ማዞሪያ በተነካ ቁጥር ቶሎ ቶሎ እየተነሳ የሚጠፋ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ያለችው የግፊት በርሜል አየሯን ጨርሳለች። ፓምፕ ከመቀየር በፊት እሷን ያስነፉ።

ይህን ሁሉ ለንደን ላለችው አክስቴ ስነግራት ሳቀች። እዚያ የገባች የመጀመሪያው ክረምት ላይ ከመስኮቱ ሥር ያለው ራዲያተር ሌሊት እየተንቧቧ ሲያንኳኳ፣ ጸበል ረጭታበታለች። የለንደን ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ የኛኑ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ራዲያተር ግን ሌላም ጠባይ አለው። ላዩ ቀዝቃዛ ታቹ ሙቅ ከሆነና ከተንቧቧ አየር ይዟል። ማሞቂያውን አጥፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ በትንሿ ቁልፍ ከላይ በኩል ማስተንፈስ፣ ውሃ ጠብ ሲል መዝጋት ነው፤ ከሥሩ ጨርቅ መያዝ አይረሳም። ከዚያ የግፊት መለኪያው በቀዝቃዛው ከ1 እስከ 1.5 ባር መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ታቹ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ደለል ተኝቶበታል፣ መታጠብ አለበት። ቦይለሩ ራሱ ካንኳኳ ጋዝ ነውና የተመዘገበ ባለሙያ እንጂ ዘመድ አይጠራም። ሰው አገር ያላችሁ፣ ጸበሉን ለራሳችሁ አድርጉት።

እኛ ቤት አሁን ቴርሞስታቱ 60 ላይ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ቅርፊቱ ይፈጥናል፤ በጣም ዝቅ ማድረግም ውሃው ውስጥ ባክቴሪያ እንዲራባ ያመቻል። 60 ዲግሪ ራሱ የሕፃን ቆዳ በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥላልና ሳፋው ውስጥ መጀመሪያ ቀዝቃዛውን እቀዳለሁ፣ ከዚያ በክንዴ እሞክራለሁ። ባለ 1,500 ዋት ቦይለር 50 ሊትሩን ለማሞቅ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚፈጅበት፣ ሌሊቱን ሙሉ መሰካቱንም ትተናል። ውሃ ከጠፋ ብሬከሩ ይጠፋል፤ ባዶውን የሚሞቅ ሬዚስታንስ ይቃጠላል። በወር አንዴ ደግሞ የአዲሷን ሴፍቲ ቫልቭ እጀታ ብድግ አደርጋታለሁ፤ ውሃ ከተፋች አለች ማለት ነው። ስነካት ውሃው ሙቅ ሊሆን ስለሚችል እጄን አርቃለሁ።

ከሥሯ አንዲት ቀጭን ጎማ ተቀጥላ ወደ ወለሉ ፍሳሽ ትወርዳለች። ጠብ ጠብ ስትል እናቴ ከሳሎን ሆና «ይኸው መጣች የጋሼ ልጅ» ትላለች። ሳፋውን ግን ወደ ሌላኛው ጥግ አዛውረነዋል።