አሮጌ ቮልስ ለቦንጋ ነዋሪ፤ ከሞተሩ በፊት ወለሉ ይፈተሽ

በከፋ ዞን ርዕሰ ከተማ በቦንጋ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ የግል አውቶሞቢል ለመግዛት ሲያስብ ምርጫው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጠቧል። በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ሲገቡ የሚከፈልባቸውን ታክስ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ አድርሶታል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚህም ምክንያት አነስተኛ ገንዘብ የያዘ ገዥ ቀደም ሲል ወደ ገቡት አሮጌ የአውሮፓ መኪናዎች ፊቱን ማዞሩ የሚጠበቅ ነው። ከእነዚህም አንዱ ሕዝቡ ቮልስ እያለ የሚጠራው የጀርመኑ ቮልስዋገን ቢትል ነው።

ቮልስ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ መኪና ነበር። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተ በኋላ የመጨረሻው ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው በ1995 ዓ.ም ነው።

የመኪናው ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር በመሆኑ ራዲያተር የለውም። ሞተሩ ከኋላ መቀመጡም ክብደቱ በሚነዱት ጎማዎች ላይ እንዲያርፍ ስለሚያደርግ በጭቃማ መንገድ ላይ ከብዙ ትናንሽ አውቶሞቢሎች የተሻለ ይዞ ይወጣል። ይህ ማለት ግን በክረምት ወደ ዴቻ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች ለሚደረግ የመስክ ሥራ የፊልድ መኪናን ይተካል ማለት አይደለም።

ገዥዎች ዘወትር የሚሳሳቱት ሞተሩን አስነስተው ድምፁን በማዳመጥ ብቻ ስለሚረኩ ነው። የቮልስ ሞተር በጥቂት ብሎኖች የተያዘ በመሆኑ ወርዶ ሊታደስ፣ ካስፈለገም በሌላ ሊተካ ይችላል። ወለሉ ግን የመኪናው አከርካሪ ነው፤ ቦዲው በሙሉ በብሎን የታሰረው በእርሱ ላይ ነው። ዝናብ በሚበዛበት በከፋ ደግሞ ዝገት ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ የኋላውን መቀመጫ ማንሳት ይገባል። ባትሪው የሚቀመጠው በዚያ ሥር ስለሆነ አሲድና እርጥበት ተባብረው ላሜራውን ይበሉታል። ምንጣፉ ተገልጦ፣ በበሮቹ ሥር የሚያልፉት የጎን ቦዮችም በካቻቢቴ ጫፍ ተነካክተው መታየት አለባቸው። አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና በተለይ ይጠረጠር።

ሞተሩን ለመመርመር ደግሞ መኪናው ጠፍቶ ሳለ ከኋላ ያለውን ፑሌ በእጅ ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መግፋትና መሳብ ነው። ፑሌው በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የሞተሩ ሙሉ እድሳት ሩቅ አይሆንም።

ከአዲስ አበባ ገዝቶ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ቦንጋ ለሚያመጣ ሰው አንድ ነገር መታወስ አለበት። ካርቡራተሩ የተስተካከለው ስስ አየር ባለበት ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። ወደ ጅማ፣ ከዚያም ወደ ጎጀብ ወንዝ ሸለቆ ሲወርድ አየሩ እየወፈረ ስለሚሄድ ነዳጁ በአንጻሩ ያንሳል፤ ሞተሩም ከልክ በላይ ይግላል። በመሆኑም ከጉዞው በፊት መካኒኩ ይህንን አውቆ እንዲያስተካክል ማድረግ ይበጃል። ከጎጀብ ወደ ቦንጋ በሚወስደው ዳገት ቀይዋ የዲናሞ መብራት ከበራች ወዲያውኑ ማቆም ግድ ነው። ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ፋን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ስለሆነ፣ እርሱ ከተበጠሰ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

መለዋወጫ በዋናነት የሚፈለገው በአዲስ አበባ ነው፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ በዚህ ለዓመታት ይታወቃል። በቦንጋ ለሚኖር ባለመኪና አንድ ቺንጋ ለመግዛት ቀናት መጠበቅ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ቺንጋ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና እንዲሁም የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ሽቦ ከመኪናው መለየት የለባቸውም። ሞተሩ የሚይዘው 2 ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ሲሆን ከወንፊት በስተቀር ማጣሪያ የለውም። ስለዚህ ዘይቱ ቢበዛ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ በዚያው ጊዜ ቫልቮቹ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይስተካከላሉ። ያረጁ የቤንዚን ጎማ ቱቦዎች ሳይውሉ ሳያድሩ መለወጥ ይኖርባቸዋል፤ ቮልስን አመድ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ እነዚህ በሞተሩ ላይ ሲያፈሱ ነው።

ወጪው በግዢ ዋጋ አያበቃም። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ያህል ቤንዚን ሲፈጅ፣ የግል አውቶሞቢሎች በ2014 ዓ.ም በተጀመረው የታለመ የነዳጅ ድጎማ አልተካተቱም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው፤ ዓመታዊ ምርመራውና ቦሎውም አለ።

ውል ከመፈረሙ በፊት መኪናው ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ይጣራል። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው በኋላው መቀመጫ ሥር፣ በወለሉ መካከለኛ ጉብታ ላይ ስለሆነ ዝገቱ በሚታይበት ጊዜ አብሮ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። የሞተር ቁጥሩ የሚገኘው ከዲናሞው መቀመጫ በታች ነው። ቮልሶች በዕድሜ ዘመናቸው ሞተር የሚቀያየሩ በመሆናቸው ይህ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ሳይገጥም ሊገኝ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የስም ዝውውሩ ከመጀመሩ አስቀድሞ ማስተካከያውን የሚያስፈጽመው ሻጩ እንዲሆን በውሉ ላይ መስፈር አለበት።