ዝቅ ባለ ውጤት የጥርስ ሐኪም መሆን፦ ሲሬ ላይ የሚነገረውና እውነታው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን አርሲ ውስጥ ባለችው ሲሬ ከተማ መካሪ አይጠፋም። ጎረቤቱም፣ የሱቁ ባለቤትም፣ አምና ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅም ይመክራል። «የጥርስ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ» ያለ ልጅ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይመከራል፤ ውጤቱ ዝቅ ያለ እንደሆነ ከሚነገረው ብዙው የተሳሳተ ነው። ስህተቱ ልጁን ዓመት የሚያስከፍል ስለሆነ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

«ከ50 በመቶ በታች ያመጣ አለቀለት» ይባላል። አላለቀለትም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ በጣም ጥቂት ናቸው፤ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ወደቀ ተብሎ ቤት የተደበቀው ልጅ ዕጣ የአብዛኛው እኩያው ዕጣ ነው። ከ50 በታች ካመጡት መካከል የተሻለ ነጥብ ላላቸው ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ፕሮግራም አለ። የመግቢያ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ይቆርጣል፤ ለሴቶች ዝቅ ይላል። ተምሮ የማጠቃለያውን ፈተና ያለፈ ፍሬሽማን ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ በግል ተፈታኝነት መድገም ነው። ሁለቱም አንድ አንድ ዓመት ይወስዳሉ። ለጥቂት ያመለጠውና የጎተተው አንድ ትምህርት መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ቢደግም አልቃወምም፤ በሁሉም ትምህርት የሳሳ ግን ቤት ተቀምጦ ብቻውን ከሚያጠና አስተማሪ ፊት ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ሌላ ምክር ነው፦ «ዋናው መግባቱ ነው፣ ቅርብህን ሙላ፣ ትምህርቱን እዚያ ስትደርስ ትመርጣለህ።»

ምክሩ ግማሽ እውነት ስላለበት ያታልላል። በመንግሥት ምደባ ተማሪው መጀመሪያ የሚሞላው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የትምህርት ክፍል የሚመርጠው ገብቶ፣ የፍሬሽማን ኮርሶችን ከወሰደ በኋላ ነው። ነገር ግን የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ከሌለው የሚመርጠው ነገር የለም። ሜዲሲን የሚያስተምር ሁሉ የጥርስ ሕክምና ያስተምራል ማለትም አይደለም። አሰላ ላይ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኮሌጅና የማስተማሪያ ሆስፒታሉ አሉ፤ ለሲሬ ልጅ ከቤት ሳይርቅ፣ ስንቅ እየተላከለት ለመማር የሚመች ነው። የጥርስ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ግን ቅርበቱን ከማየቱ በፊት ፕሮግራሙ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። የጥርስ ሕክምና ዶክትሬት በማስተማር የሚታወቁት እንደ ጅማ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ያሉት ናቸው።

ከእነዚህ የቱን ያስቀድም? «አዲስ አበባን አንደኛ ሙላ፣ ምን ታጣለህ?» የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ስለዚህ ሌላ ፈተና፣ ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል። ከዚያም በላይ አንድ ነገር ይዘነጋል። ፍሬሽማን ላይ የጥርስ ሕክምና ወንበር ለማግኘት ልጁ የሚወዳደረው እዚያው ግቢ ካገኛቸው ተማሪዎች ጋር ነው። ብዙ ጎበዝ በተሰበሰበበት ግቢ በደካማ ነጥብ የገባ ልጅ ከኋላ ተነስቶ ይሮጣል። ፕሮግራሙ ኖሮት ሽሚያው ረገብ ያለበት፣ ሰው ሩቅ ነው ብሎ የሚሸሸው ግቢ ለእርሱ የተሻለ ዕድል አለው። እናት ርቀቱን ስትሰማ ሆዷ ይባባል፤ ይገባኛል። ቢሆንም ስድስት ዓመት ገደማ የሚፈጅ ትምህርት በአውቶቡስ ሰዓት አይመረጥም።

የክፍል ምደባው በአብዛኛው የመግቢያ ፈተናውን ነጥብና የፍሬሽማን ውጤትን አጣምሮ ያያል፤ የየድርሻቸው መጠን ከግቢ ግቢ ይለያያል። ዝቅ ያለ የ12ኛ ክፍል ነጥብ የሚካሰው እዚህ ላይ ነው። «ፍሬሽማን ማረፊያ ነው» ያለህን ሰው አትስማ።

አሞላሉን በተመለከተ አንድ ያየሁትን ልናገር። ልጆች ኢንተርኔት ቤት ገብተው የመለያ ቁጥራቸውን በብጫቂ ወረቀት ይሰጣሉ፣ ባለ ኮምፒውተሩ ፊቱን ወደ ስክሪኑ እንዳዞረ «የት ልሙላልህ?» ይላል፣ ልጁ ሁለት ሦስት ስም ይጠራል፣ የቀረውን ባለ ኮምፒውተሩ በመሰለው ይሞላዋል። ወረፋ አለ፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ማንም አይፈርድበትም። ግን ከሦስተኛው በታች ያለውም ምርጫ ምርጫ ነው፤ ዝቅ ያለ ነጥብ ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚመደበው እዚያ ታች ነው። ዝርዝሩን ቤት ጽፎ መሄድ፣ ሲጨርስም ስክሪኑን ራሱ ማንበብ አለበት።

«ግል ኮሌጅ ገንዘብ ካለህ ያለ ነጥብ ይቀበላል» የሚባለው ዛሬ አደገኛ ነው። ለግሎቹም የመግቢያ ነጥብ ይቆረጣል። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን ፈቃዱ በየካምፓሱና በየፕሮግራሙ ነው፤ አንድ ኮሌጅ አዳማ ላይ ነርሲንግ ስለተፈቀደለት ሌላ ከተማ ላይ የጥርስ ሕክምና ማስተማር አይችልም። ከመክፈል በፊት የዚያን ካምፓስና የዚያን ፕሮግራም ፈቃድ መጠየቅ ነውር አይደለም። ማዕረጉንም አጥሩ፦ የጥርስ ሕክምና ዶክትሬት ሌላ፣ በዲፕሎማ የሚሰጥ የጥርስ ሙያ ሥልጠና ሌላ ነው። ሁለቱም የተከበረ ሥራ ነው፤ አንዱን ሌላ ነው ብሎ መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው። «ሰው አለኝ፣ አስገባዋለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ በሩን ዝጉበት።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ደግሞ «ብዙ ቦታ አመልክት» ይላሉ። እዚያ የጥርስ ትምህርት በአብዛኛው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ አመልካቹ የራሱን ፈተና ወስዶ ለብዙ ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ያመለክታል፣ ነጥቡ ቢሳሳ በዲግሪው ውጤትና በልምዱ ይካሳል። እኛ ዘንድ በአብዛኛው የሚመድበው መንግሥት ነው፤ የእነርሱ ምክር በፍቅር የተነገረ ቢሆንም እዚህ አይሠራም። ውጭ ተምሮ የሚመለስም የዲግሪውን አቻ ግምት ያስፈልገዋል።

«የጥርስ ሕክምና ሜዲሲን ላልደረሳቸው ነው» የሚለውን ከልቤ እቃወማለሁ። የጥርስ ተማሪ አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውን፣ ባዮኬሚስትሪውን እንደ ሌላው ሐኪም ይማራል፣ በላዩ የእጅ ጥበብ ይጨመርበታል፣ መጨረሻ ላይም የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቀዋል። ሥራው ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። ከሲሬ ደጋ ወደ ዴራ፣ ከዚያም ወደ ወንጂ የወረደ ሰው የፊት ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚከልሉ ወጣቶችን ያያል። ብዙዎች «ስለማይፍቁ ነው» ይሏቸዋል። አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚገባው ፍሎራይድ በብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል፤ ልጁ ቋሚ ጥርሱ ከድዱ ሥር ገና ሲሠራ ይህን ውሃ ከጠጣ ጉዳቱ ከጥርሱ ጋር አብሮ ይበቅላል። ቀለሙ በመፋቂያም በአሸዋም አይለቅም፤ ማሸቱ የጥርሱን ልባስ ይጨርሰዋል። ለሕፃናት ተቅማጥ መድኃኒት ነው እየተባለ ገና ያልበቀለ ጥርስ በስለት የሚወጣበት ግግ ማስወጣትም በአገራችን አልቀረም፤ መዘዙ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን፣ ኋላም ጠማማ ወይም ጎዶሎ ቋሚ ጥርስ ነው።

ይህን ለእናቶች በራሳቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያስረዳ የጥርስ ሐኪም የአካባቢው ልጅ ቢሆን እመኛለሁ። ነጥቡ ዝቅ ብሎም ይህን የሚመኝ ልጅ ካለ፣ ምርጫው ከመዘጋቱ በፊት የጥርስ ሕክምና ያላቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ስም በወረቀት ይጻፍና ቅድሚያውን ለእነርሱ ይስጥ።