ዓይን ጣት ሲከተል

ባለሙያዋ ሁለት ጣቶቿን አንስታ ታወዛውዛለች። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው አንገቱን ሳያዞር በዓይኑ ብቻ ይከተላቸዋል፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ። ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ መኪናው የተገለበጠበት መንገድ ላይ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጣቶቹ ይቆማሉ። «በረጅሙ ይተንፍሱ። አሁን ምን መጣብዎት?» ትለዋለች። በአጭሩ ይመልሳል፤ ጣቶቹም እንደገና ይነሳሉ።

ሕክምናው ኢ.ኤም.ዲ.አር. ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊቷ ፍራንሲን ሻፒሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ መናፈሻ ስትዘዋወር፣ ሲያስጨንቃት የነበረ ሐሳብ ድንገት ቀለላት። ልብ ስትል ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ነበር። በ1989 በ22 ሰዎች ላይ የሞከረችውን አሳተመች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ክፉ ያየ ሰው አካል ያለፈውን አደጋ እንዳላለፈ ይቆጥረዋል። የፍሬን ድምፅ በሰማ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። ታዲያ የጣት እንቅስቃሴ ምን ይፈይዳል? በኔዘርላንድ የዩትሬክት ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ያሳምነኛል፦ አእምሮ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነው። ትዝታውን ይዞ ጣትም ሲከተል ሁለቱ ይሻሙበታል፤ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ደብዝዞም ይቀመጣል። ትዝታው አይፋቅም፤ የሚያቃጥልበት ኃይሉ ይቀንሳል። ሰውየው ጭንቀቱን ከ0 እስከ 10 እየለካ ይናገራል፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ይል የነበረውም «የምችለውን አድርጌያለሁ» ወደሚል እምነት እንዲደርስ ይታገዛል። ጣት ከመነሳቱ በፊት ግን የሰውየውን ታሪክ ማወቅና ሲረበሽ የሚረጋጋበትን ዘዴ ማስተማር ይቀድማል፤ ስለዚህ ያልሠለጠነ ሰው ሊነካው አይገባም።

ክርክሩ አላበቃም። በ2001 የወጣ የጥናቶች ግምገማ የዓይን እንቅስቃሴው ምንም አይጨምርም ሲል፣ የ2013ቱ ደግሞ ይጨምራል አለ። ሕክምናው በጥቅሉ እንደሚረዳ ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ለሚመጣ ሕመም መክሮታል።

እኔ ከሁሉም የምወድለት፣ የደረሰውን ሁሉ ዘርዝሮ መናገር ግዴታ አለመሆኑን ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ለዓመታት ዝም ላለ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ቃል ለሚያጥራቸው ልጆችም እንዲሁ። በ1998 የሜክሲኮዋ ሉሲና አርቲጋስ አካፑልኮ ውስጥ ከፓውሊን አውሎ ነፋስ ከተረፉ ሕፃናት ጋር ስትሠራ፣ ጣት በማወዛወዝ ፈንታ እጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው ራሳቸውን በየተራ፣ ቀኝና ግራ፣ ቀስ ብለው መታ መታ እንዲያደርጉ አሳየቻቸው። አመሳቅለው የያዟቸው እጆች ክንፍ ስለሚመስሉ፣ ዘዴው የቢራቢሮ እቅፍ ተባለ።