ልጁ ሰነፍ አይደለም



«ልጄ ፊደልን በቃሉ ይወጣል፤ ሱቅ ስልከው ግን የተላከውን ረስቶ ይመለሳል፤ የመልሱንም ፍራንክ መቁጠር ያቅተዋል» የምትሉ ወላጆች፣ አድምጡን። የመርሳት ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛው ሐኪሞች ዲጆርጅ ሲንድሮም የሚሉት ነው።

በሰውነታችን ሴል ውስጥ 23 ጥንድ ክሮሞዞሞች አሉ። ከ22ኛው ላይ ትንሽ ቁራጭ ጎድሎ የሚወለደው ከ4,000 ሕፃናት አንዱ ያህል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም። እርግማን፣ ቡዳ ወይም የእናት ጥፋትም አይደለም።

እነዚህ ልጆች ደጋግመው የሰሙትን ይይዛሉ። ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ ማስታወስና ሒሳብ ግን ይከብዳቸዋል። ስለዚህ፦

1. አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እዘዙት፤ መልሶም ይንገራችሁ።
2. ቁጥርን በጠጠርና በሳንቲም አሳዩት።
3. ረሳህ ብላችሁ አትምቱት።
4. በ2004 እ.ኤ.አ. የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሕይወት አጥፍቷል። ዝናብ ሲጥል «ወደ ወንዙ አትሂድ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ እጁን ያዙት።

ልጁ በአፍንጫው የሚናገር፣ በሕፃንነቱ ወተት በአፍንጫው ይወጣ የነበረ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ከሆነ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ጉድለቱ በልዩ የደም ምርመራ ይታወቃል። በካልሲየም ማነስ ምክንያት ሰውነቱን ካንዘፈዘፈው ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

የጎደለውን የክሮሞዞም ቁራጭ መመለስ አይቻልም፤ ልጁን መርዳት ግን ይቻላል።