«እኔን ማን ጠየቀኝ?»፦ የሴቶች ጤና ጥናት ተረትና እውነታ

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ውጤት በዜና በተነገረ ቁጥር «እኔንም እህቴንም የጠየቀን የለም፤ ቁጥሩን ከየት አመጡት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ስለ ሴቶች ጤና የሚደረገው ክርክር ሁሉ የሚንተራሰው በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ለ2008ቱ ጥናት የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከመላ አገሪቱ 645 የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ መረጠ። በየቦታው ያሉት ቤቶች እንደ አዲስ ተመዘገቡና ከየቦታው 28 ቤት በዕጣ ወጣ። ከእነዚህ ቤቶች ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 15,683 ሴቶች ምላሽ ሰጡ። እርስዎን ያልጠየቁዎት ዕጣው ስላልደረሰዎት ነው።

«የጤና ጣቢያ መዝገብ እያለ ቤት ለቤት መንከራተቱ ምን ይሉታል?» የሚሉም አሉ። መዝገብ የሚያውቀው የመጣችውን ሴት ብቻ ነው። በዚሁ ጥናት መሠረት ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን እናቶች ሐኪም ቤት ቁጭ ብሎ ማግኘት አይቻልም፤ መቶ ሺህ መዝገብ ቢገለጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር የእናቶች ሞት ነው። አሃዙ ከሞት መዝገብ ተደምሮ የመጣ ይመስለናል። እውነታው ሌላ ነው። ጠያቂዋ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችውን ሴት ከእናቷ ማኅፀን የወጡትን ወንድምና እህቶች አንድ በአንድ ታስቆጥራታለች። አለች ወይስ ሞታለች? ስትሞት ዕድሜዋ ስንት ነበር? ነፍሰ ጡር ነበረች? በምጥ ላይ ነው? ወይስ ከወለደች በሁለት ወር ውስጥ? የሞተችው ሴት ለጥናቱ የምትደርሰው በእህቷ አንደበት ነው። ከባድ ጥያቄ ነው፤ አንዳንዷ መልስ ሰጪ የሟቿን ስም ከጠራች ብዙ ዓመት ሊሆናት ይችላል።

የ2008ቱ ውጤት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 412 የእናቶች ሞት ነበር። ሪፖርቱ ግን እውነተኛው ቁጥር ከ273 እስከ 551 ባለው መካከል ሊሆን እንደሚችል አብሮ ጽፏል፤ ዜናው 412ን ብቻ ይዞ ሮጠ። በ1992 ዓ.ም. 871 ስለነበረ መቀነሱ አያጠራጥርም። በ1997 የነበረው 673 በ2003 ዓ.ም. 676 ሲሆን «ጨመረ» ማለት ግን ስህተት ነው፤ የሦስት ልዩነት በስህተት ወሰኑ ውስጥ ይዋጣል።

«41 በመቶ የኢትዮጵያ ሴቶች የወሊድ መከላከያ ይጠቀማሉ» የሚለውም እንዲሁ ነው። የ2011ዱ ጥናት 41 በመቶ ያለው ባለትዳር ሴቶችን፣ ያውም ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙትን ነው። ያላገቡት፣ የፈቱትና ባል የሞተባቸው ሲጨመሩ ቁጥሩ ይወርዳል። በመቶኛ የተነገረ ነገር ሁሉ «ከእነማን መካከል?» ተብሎ ይጠየቅ። «ያልተሟላ ፍላጎት» የሚባለውም የመድኃኒት እጥረት ማለት ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. 22 በመቶ ባለትዳር ሴቶች መውለድን ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር፤ ባሏ የከለከላትም፣ የወሊድ መከላከያ መርፌው መካን ያደርገኛል ብላ የፈራችም እዚህ ውስጥ ትገባለች። መርፌው እርግዝናን ለወራት ሊያዘገይ ይችላል እንጂ መካን አያደርግም።

«ግርዛት ድሮ ቀርቷል» የሚለውን የከተማ ወሬ የ2008ቱ ጥናት ቁጥር ግማሹን ብቻ ይደግፋል፦ የተገረዙት ከ45 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 75 በመቶ፣ ከ15 እስከ 19 ካሉት 47 በመቶ ነበሩ። ቀንሷል፤ አልቀረም።

«ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ለእንግዳ አትናገርም፤ ይዋሻሉ» የሚለው ደግሞ እውነት የተቀላቀለበት ተረት ነው። ፅንስ ማቋረጥ ፊት ለፊት ሲጠየቅ በብዛት ይደበቃል፤ ስለዚህ አጥኚዎች ከጤና ተቋማት መረጃ ተነሥተው ነው የሚገምቱት። ጥቃትን ለሚመለከተው ጥያቄ ግን ጥንቃቄው ብዙ ነው። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ በዕጣ ትመረጣለች፤ ጠያቂዋ ሴት ናት፤ ሰው ከገባ ታቋርጣለች። በዚህ መንገድ በ2008ቱ ጥናት 23 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ጥቃት ከደረሰባቸው አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። ለእንግዳ የተነገረው ምናልባት ለዘመድ ስለማይነገር ይሆናል። ቁጥሩ ከእውነታው በታች መሆኑ ነው የሚጠረጠረው፤ በላይ መሆኑ አይደለም።

እንግዲህ መታወቂያ ያንጠለጠለች ጠያቂ አንድ ቀን ደጅዎን ብታንኳኳ፣ አባወራ ሆይ፣ ቡናዎን ይዘው ወደ ጎረቤት ይሂዱ። ቤቱን ለሁለቱ ሴቶች ይልቀቁላቸው።